ሦስት ሆነን አንነሳም

ካላመናችሁኝ ተዉት። እኔ የምጽፈው በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ነው።

አሜሪካ፣ ሎንግ ቢች፣ ፎቶ ቤቴ ውስጥ። የእኛ የካምቦዲያኖች አዲስ ዓመት ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጨለማ ነበር እንዳትሉኝ... ጠራራ ፀሐይ ነው።

እናቴ ከልጄ ከሞሊካ ጋር ፎቶ ልትነሳ መጣች። ሞሊካ ስድስት ዓመቷ ነው።

እኛ ሦስት ሆነን ፎቶ አንነሳም። መሃል ያለው ዓመት ሳይሞላው ይሞታል ይባላል። እኔ በዚህ እስቃለሁ... ግን ሦስት ሰው ከመጣብኝ አራተኛ ሆኜ እገባለሁ።

የዛሬዎቹ ሁለት ናቸው። ምንም ችግር የለም።

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እናቴ ጥግ ላይ፣ ሞሊካ ከጎኗ።

"ሞሊካ፣ አያትሽን አታጣብቢያት። ቦታ አለሽ እኮ።"

"የለኝም አባዬ... እየገፋችኝ ነው።"

ካሜራዬ የሰው ፊት ሲያገኝ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ሳጥን ይሠራበታል። አንዱ እናቴ ላይ። አንዱ ሞሊካ ላይ።

አንዱ ደግሞ... ከሞሊካ ወዲያ፣ ባዶው ቦታ ላይ። በልጅ ቁመት።

ሌንሱን ጠረግሁት። አልጠፋም።

እናቴ ወደዚያው ዞራ ታያለች።

"ኬማ..."

ኬማ እህቴ ናት። እኔ ሳልወለድ፣ አገር ቤት በአምባገነኑ በፖል ፖት ዘመን በረሃብ የሞተች። አንድ ፎቶ እንኳ የላትም።

"አንሳን ቪሳል።"

"እማዬ... ሦስት ናችሁ። መሃል ያለችው ልጄ ናት።"

"መልኳ እየጠፋብኝ ነው ልጄ።"

"አላነሳም። ሞሊካ፣ ተነሺ።"

"እጄን ይዛኛለች..."



"አትለቃትም" አለች እናቴ በሹክሹክታ። "አውቃታለሁ፣ የያዘችውን አትለቅም።"

ከዚያ ብድግ አለችና በሞሊካና በባዶው ቦታ መካከል ገብታ ተቀመጠች።

"ይኸው። መሃል እኔ ነኝ። አሁን አንሳ።"

አራተኛ ሆኜ መግባቱን እንኳ አላሰብኩም፤ ልጄን እንድትለቅልኝ ብዬ አነሳሁ። ሞሊካ እጇን እያሸች ወደ እኔ ሮጠች።

እናቴ በነሐሴ ሞተች። ፎቶውን እስከ መጨረሻው ከደረቷ አልለየችውም። ልጇን አግኝታለችና ደስ ይለኛል። እኔ ግን ሳየው ያመኛል።

እናቴ መሃል ሆና ፈገግ ብላለች። ከጎኗ ፀጉሯ በአጭሩ የተቆረጠ፣ አጥንቷ የወጣ ልጅ ተቀምጣለች።

ካሜራውን አታይም። እናቷንም አታይም።

አንገቷን አስግጋ ሞሊካን ታያለች... የራበው ልጅ የሌላውን ልጅ ሳህን እንደሚያየው።