ሦስተኛው በር አልተከፈተም

ጡረተኛው የስልክ ቴክኒሺያን ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ራሱ ለክቶ በቆረጠው ሰማያዊ የኔትወርክ ኬብል ከመደርደሪያው ብረት ላይ ታንቆ ተገኘ። ጉልበቱ መሬት ሊነካ ትንሽ ነበር የቀረው። ከፊቱ ያለው የቤተሰቡ የኢሜይል ሰርቨር ምንም እንዳልተፈጠረ አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል።

ሟችን አንወቅስም ይባላል እንጂ ሰውዬው ክፉ ነበር። ክፋቱ ደግሞ የሰነፍ ክፋት አልነበረም፤ ለፍቶበታል፣ ወጪ አውጥቶበታል። ከሁለት ወር በፊት «ምስጢራችንን ለማያውቁን ኩባንያዎች አንሰጥም» ብሎ ሰርቨሩን ቤቱ ተከለ። ሁሉም በቤቱ አድራሻ ብቻ እንዲጻጻፉ አስገደደ። ከዚያ ቁጭ ብሎ የያንዳንዳቸውን ደብዳቤ እየከፈተ ያነብ ጀመር። ባለፈው ሳምንት ወንድ ልጁ ለሚወዳት ሴት የጻፈውን ራት ላይ ጮክ ብሎ፣ የፊደል ግድፈቱን እያረመ አነበበው። ልጁም ሳህኑን ወርውሮ «አንድ ቀን እገድልሃለሁ!» አለ።

አይ አፍ! ዛሬ ሬሳውን ያገኘው እሱው ሆነ። የሌሊት ተራ ሠርቶ ፎቅ ላይ ተኝቶ ነበር። ሊያወርደው ሲታገል ኬብሉ መዳፉን ሰንጥቆታል። የሟች አንገት ላይ ደግሞ ሁለት ምልክት አለ፤ አንዱ ዙሪያውን የዞረ፣ ሌላው ወደ ላይ የተሳበ። በሌላ አነጋገር መጀመሪያ ከኋላው አንቀውት ነው የሰቀሉት። ፖሊሶቹ ከዚህ በላይ ራሳቸውን አላደከሙም። ልጁን በካቴና አስረው ወጥ ቤት አስቀመጡት፤ የእስር ቤቱ መኪና አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሊወስደው ተቀጠረ።

መርማሪዋ የመጣችው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ የተነገራትን ሁሉ ዝም ብላ ታሳልፍና ጠጠሯን ታስቀራለች። መጀመሪያ የሟችን ደረት ኪስ ዳበሰችና አንዲት ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጣች። ሦስት መስመር ብቻ አነበበች፤ ለማንም ሳታሳይ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።

አስቀድማ የጠራችው የሟችን ታናሽ ወንድም ነው። ጓሮ ክፍል የሚኖር፣ ኬብሉን በየግድግዳው የዘረጋ፣ ነገር የማያልቅበት ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ያስረዱኝ።»

«ወንድሜ ፖርት ይላቸዋል፣ እኔ በር ነው የምላቸው። ሦስት በር አለው። አንዱ ደብዳቤ ከውጭ የሚገባበት፣ አንዱ የሚወጣበት። ሦስተኛው እኛ ውጭ ስንሆን ስልካችን ላይ እንድናነብ ነው። እሱን ግን ዘግቶት ነበር። ‹ቤታችሁ ገብታችሁ፣ ዓይኔ ሥር ሆናችሁ ታነባላችሁ› ይለናል። ቤት ውስጥ ከሆንን በዋይፋዩ ራሱ ይመጣል።»

«እስከ ዛሬ ዝግ ነው?»

«ዛሬ ቁርስ ላይ ደግነቱ ተነሣበትና ‹ሦስት ሰዓት ላይ እከፍተዋለሁ› አለ። ሁላችንም ሰምተናል።»

«እርስዎስ ሦስት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«የጎረቤት ጣሪያ ላይ፤ ቆርቆሮ እየመታሁ። መንገደኛው ሁሉ ሲሰድበኝ ነው ያረፈደው፣ ምስክር አላጣም።»

ቀጥላ ሚስቲቱን አስገባች። ሴትዮዋ ከጠዋት ጀምሮ ክሊኒክ ወረፋ ይዘው ነበር፤ የማኅተም ወረቀት አላቸው። የባላቸውን የስንብት መልእክት አሳዩዋት። «በቃኝ። ይቅር በሉኝ።» ይላል፤ ከሟች ኮምፒውተር ለሚስቱና ለሁለቱ ልጆቹ ተልኳል፤ ሰዓቱም ሦስት ከአሥራ አራት ነው።

«መቼ ደረስዎት፣ እናቴ?»

«ክሊኒክማ ምንም አልመጣልኝም። አምስት ሰዓት ላይ የቤቴን ደጃፍ ስረግጥ ነው ስልኬ የጮኸው። ደግሞስ ይሄ ዕቃ መቼ ሠርቶ ያውቃል! ለእህቴ ከጻፍኩላት ሁለት ሳምንት አለፈ፣ አንድ ቃል አልመለሰችም። ተቀይማኛለች መሰለኝ።»

«ልጅዎ የገደለው ይመስልዎታል?»

ሴትዮዋ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እናት ልጇን ስትጠራጠር ማየት ያማል።

ሴቷ ልጅ በራሷ የምትተማመን፣ ንግግሯ የተስተካከለ ናት። አሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ርቆ ባለ የፎቶ ኮፒ ሱቅ ትሠራለች፤ ጠዋት ብቻዋን ትከፍታለች፣ ባለቤቱ ከሰዓት ነው የሚመጣው።

«መልእክቱን መቼ አየሽው?»

«ወዲያው ነዋ! ሱቅ ውስጥ ወረቀት ስሞላ ስልኬ ጮኸ። ሦስት ከአሥራ አራት ይላል፣ ይኸው። ሱቁን ዘግቼ እየሮጥኩ መጣሁ፤ ስደርስ ወንድሜ ኬብሉን ይዞ ቆሟል።»

«የነርስነት ትምህርት ዕድል አግኝተሽ ነበር አሉኝ።»

«ተውኩት። አባቴ አርጅቷል፤ ትቼው የት እሄዳለሁ?»

«ወንድምሽስ?»

«ምን ልበልዎ፤ ንዴቱን ሳይነግሩዎት አይቀርም» አለች። ይህን ስትል ድምፅዋ እንኳ ዝቅ አላለም።

መርማሪዋ የእናቲቱን ስልክ ተዋሰችና ወደ ፎቶ ኮፒው ሱቅ ሄደች። ስትመለስ ከፖሊስ ጣቢያው የኮምፒውተር ባለሙያ ጋር የሰርቨሩን መዝገብ አንድ ሰዓት ሙሉ ተመለከተች። አሥር ሰዓት ሲሆን ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ወንድ ልጁም ከነካቴናው መጣ።

«ይህች ከሟች ኪስ የወጣች ደብተር ናት» አለች። «በሮቹን በተራ ጽፏቸዋል። መግቢያው ላይ ምልክት አድርጎ ‹ተከፍቷል› ብሏል። ማንበቢያው ላይ ምንም የለም።»

«ሦስት ሰዓት ላይ እከፍታለሁ ብሎ ነበር እኮ» አለች ሴቷ ልጅ።

«ብሎ ነበር። ሳይከፍተው ገደሉት። በሩ የሚከፈትበትን ራውተር አየነው፣ አሁንም ዝግ ነው። ሱቅሽ ውስጥ ቆሜ በእናትሽ ስልክ ሞከርኩ፤ አልሠራም። እሳቸውም ክሊኒክ ሆነው አልደረሳቸውም።»

«የኔ ስልክ ግን ደርሶታል! መዝገቡን እዩት!»

«አየሁት። ሦስት ከአሥራ አራት ላይ ስልክሽ ተቀብሎታል፤ ቃልሽ እውነት ነው። ግን የተቀበለው በዚህ ቤት ዋይፋይ ነው። መልእክቱን አባትሽ ኮምፒውተር ላይ ጽፈሽ ስትልኪ ስልክሽ ኪስሽ ውስጥ ጮኸ። አንቺ በሩ ተከፍቷል ብለሽ በሰዓቱ ተመካሽ።»

ወንድሟ ቀስ ብሎ ቀና አለና «እኔን ልታስበዪኝ ነበር?» አላት።

«አንተማ ድሮም ሞተሃል!» ብላ ጮኸችበት። «ሌሊት ዳቦ ስትጋግር፣ ቀን ስትተኛ! እኔ ሕይወት ነበረኝ! ኮሌጁ ተቀብሎኝ ነበር። እሱ በኔ ስም ‹አልመጣም› ብሎ መለሰላቸው። ትናንት ከተላኩት ውስጥ አገኘሁት። ‹እምቢ ካሉ ቦታው ወዲያው ለተጠባባቂ ይሰጣል› ይላል ደብዳቤያቸው። ስጠይቀው ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ሳቀ! ዛሬ ጠዋትም እየሳቀ ነበር፤ ኬብሉን እስካጠብቀው ድረስ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከወንድሟ እጅ ፈትቶ እሷ እጅ ላይ አጠለቀው። መርማሪዋ ደብተሯን አልዘጋችም።

«አንድ መስመር ቀርቶኛል። ስለ ሁለተኛው፣ ስለ መውጫው በር ‹ኢንተርኔት አቅራቢው ዘግቶታል፣ ጠይቄያለሁ› ይላል። ያፈረ ይመስለኛል፤ ለማናችሁም አልነገረም። እናንተ ላክን ስትሉ ሰርቨሩ ይቀበላችኋል፣ ‹ተልኳል› ይላችኋል፤ ከቤት ግን አይወጣም። የእናትሽ ደብዳቤ ለእህታቸው አልደረሰም። ሁሉም ወረፋ ላይ ተደርድሮ አይቼዋለሁ።»

ሴቷ ልጅ በታሰሩት እጆቿ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«አባትሽ በስምሽ የጻፈውም እዚያው ነው። ኮሌጁ ምንም አልደረሰውም፤ ደውዬ አረጋግጫለሁ። ቦታሽን እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘውልሽ ይጠብቃሉ።»

«ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥር ተኩል።»

ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሣች፤ ፖሊሱ ትከሻዋን ይዞ አስቀመጣት። «አንድ መስመር ብቻ! አንድ መስመር ልጻፍላቸው!» አለችና ከጠዋት ጀምሮ ያልወረደው እንባዋ በአንድ ጊዜ ፈነዳ፤ ካቴናውን ከጠረጴዛው ጋር እያጋጨች እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ደጅ ላይ የእስር ቤቱ መኪና ጥሩምባ ነፋ።

እናቷ መሐረባቸውን ከአፋቸው አነሡ።

«ለአባትሽ ይህን ያህል አላለቀስሽም» አሏት።