የተጨበጨበለት ሞት

እማማ ከገዛ ደረጃቸው ግርጌ ወድቀው በተኙበት ሰዓት አሥራ ሁለት ሰዎች ቆመው አጨበጨቡላቸው።

ይህን ለመርማሪዋ የነገራት አስጎብኚው ነው። ሲነግራት ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር፤ ዝናቡ የጣራውን ቆርቆሮ እየደበደበ ሰውን ከሰው አላደማምጥ ብሏል። ጎብኚዎቹን ጓሮ ወስዶ፣ እዚህ ቤት በተቀረጸው የቴሌቪዥን ድራማ እናት ቀለበቷን የጣለችበትን የውሃ ጉድጓድ አሳይቶ ሲመልሳቸው፣ ሳሎኑ ውስጥ አንዲት ሴት በጀርባዋ ተዘርግታ አዩ። ራሷ ወደ በሩ፣ ሁለት እጆቿ ደረቷ ላይ፣ አንድ እግሯ ባዶ፣ የባዶው እግር ጫማ ሦስተኛው የደረጃ እርከን ላይ። በመጨረሻው ክፍል እናት ሞታ የተገኘችው ልክ እንደዚህ ነው። ጎብኚዎቹ ትርኢት የተዘጋጀላቸው መሰላቸው። ስልኮች ወጡ፤ ከዚያ ጭብጨባው ሆነ።

«እኔም አጨብጭቤያለሁ» አለ አስጎብኚው። «የወንድማቸው ልጅ ያሰበችው ነገር መስሎኝ።»

የወንድማቸው ልጅ ጭብጨባውን ሰምታ ከማድ ቤት ስትወጣ ነው ነገሩ የተገለጠው። ጮኸች፤ ሮጣ የጠረጴዛ ልብስ አምጥታ አክስቷን ሸፈነች።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ዝግታ» ይሏታል። ስትራመድም ስትጠይቅም አትቸኩልም። ከአስከሬኑ አጠገብ ተንበርክካ ጫማውን አየችው፦ በጠፍርና በዘለበት የሚታሰር ጥቁር የቆዳ ጫማ። ጠፍሩ አልተበጠሰም፤ ዘለበቱ በሥርዓት ተፈቷል። ባዶው እግር ግራው ነበር።

«ወዲያው አልሞቱም» አላት ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ጭንቅላታቸው ተመቷል፤ ግን ከወደቁ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ሳይተነፍሱ አልቀሩም።»

«ሲጨበጨብላቸውስ?»

ሐኪሙ ጓንቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «አላውቅም» አለ። «ባላውቀውም ይሻለኛል።»

እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሴት ነበሩ። ከሰባት ዓመት በፊት ቤታቸውን ለሁለት ወር ለቀረጻ ሰጡ፤ ከዚያ ወዲያ ቤቱ የእሳቸው ሆኖ አያውቅም። ድራማው በሚታይበት ምሽት መንገዱ ጭር ይል ነበር። ካለቀ በኋላ ደግሞ ሰዉ እግሩን ወደዚህ አነሳ። አንዳንዱ ከደረጃው ግርጌ አበባ ያስቀምጣል፤ አንዳንዱ ያለቅሳል። እማማ ቁርሳቸውን እየበሉ በሳሎናቸው፣ ኖራ ለማታውቅ ሴት ሲለቀስ ይሰማሉ።

መርማሪዋም ድራማውን ታውቀዋለች። ሐሙስ ሐሙስ ከእናቷ ጋር አንድ ብርድ ልብስ ተከናንበው ያዩት ነበር። እናቷ የመጨረሻው ክፍል ሊታይ ሳምንት ሲቀረው አረፈች፤ እሷም ክፍሉን ሳታየው ቀረች። አሁን እዚያው ቤት ውስጥ ቆማ የግድግዳውን ስንጥቅ ሳይቀር ለየችው። እናቷ «እሷ ልጅ መስኮቱን ሳትዘጋ ሄደች» እያለች የምትቆጣበት መስኮት ይኸውና። ግን ሁሉም ነገር ከቦታው የዞረ መሰላት። በትዝታዋ በግራ በኩል የሚወጣው ደረጃ በቀኝ ነው። መስኮቱም በማዶ። የምታውቀው ቤት ጀርባውን የሰጣት ያህል ሆድ ባሳት።

«ሁሉም ይጠይቁኛል» አላት አስጎብኚው ፊቷን አይቶ። «የሳሎኑን ምስል ሲያቀናብሩ ገልብጠውታል። ከውጭ ከቀረጹት ጋር አልገጥም ብሏቸው ነው አሉ። የሚነበብ ጽሑፍ ስለሌለበት ሰው አይነቃበትም።»

ጎብኚዎቹን አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። አሥራ ሁለቱም ጉድጓዱ አጠገብ ባለው ጥላ ሥር ተጠጋግተው ነበር፤ አንዱ ለሌላው ይመሰክራል። የፊት በር ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። የቀሩት አራት ሰዎች ናቸው። መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ለየብቻ አስጠራቻቸው።

መጀመሪያ የወንድም ልጅ ገባች። አክስቷን ልታስታምም ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ማድ ቤት ሆና ድንች ስትልጥ ነበር፤ ከዝናቡ በቀር የሰማችው የለም። እማማ ከእሑድ ጀምሮ ቤቱ ለጎብኚ እንደሚዘጋ ለሁሉም ተናግረዋል። የድራማው ሰዎች ለሁለተኛ ዙር ቤቱን ፈልገው ደብዳቤ ልከው ነበር፤ እሱንም እንቢ ብለዋል።

«ጫማቸውን ራሳቸው ፈትተውት ይሆን?»

«ኧረ በምን ጣታቸው። ስንት ዓመት መርፌ ይዘው ጣታቸው ደርቋል። ዘለበቱን ጠዋት የማስረው እኔ፣ ማታ የምፈታው እኔ።»

መርማሪዋ ማስታወሻዋን አጥፋ እንደ ዋዛ ጠየቀቻት፦ «የመጨረሻውን ክፍል እኔ አላየሁትም። የእናትየዋ የትኛው እግሯ ነበር ባዶ?»

«ቀኙ» አለች ልጅቷ። «ከጎረቤት ጋር ተሰብስበን አልቅሰን ነው ያየነው።»

ሁለተኛው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ለዘጠነኛ ጊዜ ስለመጡ አስጎብኚው «ዘጠነኛው» ይላቸዋል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ጓሮ አልወጡም፤ ከሳሎኑ አጠገብ ባለው ክፍል በሩን ዘግተው ተቀምጠው ነበር። የድራማዋ እናት ሟች ባለቤታቸውን ትመስላለች። አነጋገሯ ሳይሆን በር ከፍታ ስትገባ ነው አሉ።

«እሷን ብዬ አይደለም የምመጣው» አሉ። «ያቺ በር ስትከፈት ለመስማት ነው።»

ስለ ባዶው እግር ስትጠይቃቸው አልተጠራጠሩም። ቀኝ ነው፤ ተረከዟ ላይ አቧራ ነበረበት።

አስጎብኚው ጃንጥላ ሊወስድ አንዴ ወደ ቤት ተመልሶ ነበር። ከጓሮ በር አልፎ አልገባም፤ ጃንጥላዎቹ እዚያው ናቸው። ቤቱ ከተዘጋ እንጀራው መዘጋቱን አልደበቀም። «ግን እማማን እንደ እናቴ ነበር የማያቸው» አለ። ስለ እግሩ የመለሰላት በተካነው የአስጎብኚ ዜማ ነው፦ ቀኝ እግር ባዶ፣ ጫማ ሦስተኛው እርከን ላይ። ስለ ሁለተኛው ዙርም ነገራት። የሞተችው እናት መንፈስ ሆና በዚሁ ቤት ትመለሳለች ተብሎ ተጽፏል።

አራተኛዋ እናትን የተጫወተችው ተዋናይት ናት። ጎብኚዎቹን ድንገት ወርዳ ልታስደስት ነበር የመጣችው፤ ፎቅ ላይ ጋደም እንዳለች ጩኸት ሰምታ ስትወርድ አስከሬኑ ተሸፍኖ ደረሰች። ፊቷን አገር ያውቀዋል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን ደክሟል። ከዚያ ድራማ በኋላ ሌላ ሥራ አላገኘችም። ለሌላ ነገር በጠሯት ቁጥር ሰዉ «ይቺ ሞታ የለም እንዴ» ይላል።

«በመጨረሻው ክፍል የትኛው እግርዎ ነበር ባዶ?»

«ግራው» አለች ተዋናይቷ፤ እያወራች እጇ ሳታውቀው ወደ ግራ ቁርጭምጭሚቷ ወረደ። «ወለሉ በረዶ ነበር። ሙሉ ቀን አስተኝተውኝ ዋሉ።»

«ክፍሉን ሲያዩት አልከበደዎትም?»

«አላየሁትም። ፎቶውንም አላይም። ራሴን ሞቼ እንዴት ልይ?»

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ ቢሮዋን ዘግታ የመጨረሻውን ክፍል ከፈተች። ሰባት ዓመት የሸሸችው ነገር አርባ ደቂቃ ነበር። እናት ከደረጃው ስትወድቅ ማልቀስ ፈለገች፤ ሥራዬን ልሥራ ብላ ምስሉን አቆመችው። ደረጃው በግራ። ባዶው እግር ቀኝ። ከዚያ የጎብኚዎቹን ስልክ ፎቶዎች አጠገቡ ደረደረች። ደረጃው በቀኝ። ባዶው እግር ግራ። እርከኖቹ ደረቅና ንጹሕ፤ የጭቃ ዱካ አንድም የለባቸውም። ለረጅም ጊዜ ሁለቱን ሴቶች እያፈራረቀች ስታይ ቆየች። አንዷ ከዚያ ወለል ተነስታ ልብሷን አራግፋለች። አንዷ አልተነሳችም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራቱን በእማማ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ወለሉ ታጥቧል። ሆኖም ማንም ከደረጃው ግርጌ መቆም አልወደደም፤ ሁሉም ግድግዳውን ተጠግተዋል።

«እማማ አንሸራትቷቸው ብቻቸውን ወድቀው ቢሆን እኔ እዚህ አልቆምም ነበር» ብላ ጀመረች። «ግን ጫማቸው በጣት ተፈቷል፤ እሳቸው ደግሞ የሚፈቱበት ጣት የላቸውም። ስለዚህ ከወደቁ በኋላ ሰው ደርሶባቸዋል። የደረሰው ሰው አልጮኸም፤ ሐኪምም አልጠራም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረገ፣ ጫማቸውን ፈታ፣ ሦስት እርከን ወጥቶ አስቀመጠው። ማን?»

ወደ ልጅቷ ዞረች። «ዘለበቱን እሳቸው እንደማይችሉት የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ያደረግሽው አንቺ ብትሆኚ፣ ሲወድቁ ወለቀ ብለሽ ዝም ማለት ይበቃሽ ነበር።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ እንባዋ ይወርድ ነበር።

«አስጎብኚው ከጓሮ የመጣው ጭቃ ረግጦ ነው። በፎቶው ላይ እርከኖቹ ንጹሕ ናቸው። መምህሩ በጉልበታቸው ደረጃ አይወጡም። ግን ይህን ሁሉ ትቼ፣ አንድ ነገር ነው የጠየቅኋችሁ፤ ለምን እንደምጠይቅ ከእናንተ ማንም ሳያውቅ። የትኛው እግር? ሦስታችሁ ቀኝ አላችሁኝ። ልክ ናችሁ፤ ቴሌቪዥኑ ያሳየው ቀኝ ነው።»

አስጎብኚው ግንባሩን መታ። «ምስሉ ተገልብጧል።»

«ተገልብጧል። ደረጃው መዞሩን ለጎብኚው ሁሉ ስትናገር፣ እግሩም አብሮ መዞሩን አላሰብክም። ድራማውን በዓይኑ የተከተለ ሰው እማማን በእሷ አምሳል ላስተኛ ቢል፣ የሚፈታው የቀኙን ጫማ ነው። የተፈታው የግራው ነው። የግራው እግር ባዶ እንደነበር የሚያውቀው እዚህ ወለል ላይ የተኛ ሰው ብቻ ነው። ያውም በኋላ ራሱን ያላየ።»

የዚያ ቀኑም ዝናብ አባርቷል። ከውጭ የአሸንዳው ጠብታ ብቻ ይሰማል። ተዋናይቷ ደረጃውን እያየች ነበር፤ ስትናገር ድምፅዋ ከድራማው ድምፅ ቀጥኖ ወጣ።

«ሰባት ዓመት ጠብቄ ነው ያ ደብዳቤ የመጣው» አለች። «ሌላ ቤት አይሆንም፣ እሳቸው ካልፈረሙ ይቀራል ተባልኩ። እላይ ሆኜ ለመንኳቸው። ‹አንቺ ልጅ፣ በቃሽ፤ ለእኔም ቤቴን መልሱልኝ› አሉኝ። ሊወርዱ ሲሉ እጅጌያቸውን ያዝኩ። ስሙኝ ነው ያልኩት። ነጠቁኝ። ከዚያ ደረጃው ላይ አልነበሩም።»

«ሲያቃስቱ ሰምተዋል?»

ሽማግሌው መምህር ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

«ሰምቻለሁ» አለች ተዋናይቷ።

«ታዲያ ተሯሩጠው ሰው እንደመጥራት ጫማ ፈቱ። በድራማው ያበደ ሰው ያደረገው እንዲመስል፣ እኚህ ለዘጠነኛ ጊዜ የመጡ ሰው እንዲጠረጠሩ።»

«አይደለም» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ። «ማንንም አላሰብኩም። ተጣመው ነበር የወደቁት፤ እንደዚያ ትቻቸው መሄድ አቃተኝ። ላስተካክላቸው ስል እጄ የሚያውቀው አተኛኘት ያ ብቻ ሆነ። ሰው ሲሞት እንዴት እንደሚተኛ የተማርኩት ከዚህ ወለል ነው። ከዚያ እላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ጭብጨባው ሲሰማኝ...»

የወንድም ልጅ ከግድግዳው ተላቃ አጠገቧ መጣች። ሁሉም ትመታታለች ብለው ነበር።

«የተጨበጨበው ለአንቺ ነበር አይደል?» አለቻት ቀስ ብላ። «አክስቴ እየሞቱ የተጨበጨበው ለአንቺ ነው።»

ተዋናይቷ ጫማ ስለመፍታቷ የተናገረችው እውነት ይሁን ሐሰት፣ መርማሪዋ ራሷ አልወሰነችም። ለዐቃቤ ሕግ የሚሆነውን ጻፈች፦ ያዘች፣ ወደቁ፣ ሰማች፣ አልጠራችም። ከዚያ ክንዷን ይዛ ወደ በሩ ወሰደቻት። ሽማግሌው መንገድ ሲለቁ ወደ ተዋናይቷ አልተመለከቱም። ዓይናቸው በሩ ላይ ነበር፤ ሲከፈት ግን ጆሯቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

በአጥሩ በኩል ሰዎች ተሰብስበው ነበር። የሆነውን አልሰሙም፤ ከሩቅ ከተማ በአውቶቡስ የመጡ ናቸው፣ አበባ ይዘዋል። ፊቷን ሲያዩ ተያዩና ሁካታው ተነሳ። «እናት! እናት!» እያሉ በብረቱ መሐል እጃቸውን ሰደዱ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ስልኳን ከፍ አድርጋ «አንዴ ወደዚህ፣ የኔ እመቤት» አለቻት።

ተዋናይቷ ዞረች። አንገቷ ቀና አለ፣ ትከሻዋ ተስተካከለ፣ ፈገግታው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ፊቷ ላይ ወጣ። አገር ያለቀሰላት ሴት ለአንድ አፍታ እዚያ ቆመች፤ መርማሪዋም ሳታስበው የያዘችውን ክንድ ለቀቀች።

ፎቶው ተነሳ። መርማሪዋ የመኪናውን በር ከፈተችላት።