እማማ ስሂን በማፊያው ቤት

«እዚህ ጋ አቁሚው» አለ የኤፍራታ አጎት ጋሼ በፈቃዱ፣ ከሶፋው ላይ ብድግ ሊል ከጅሎት። «እሷ ናት።»

ኤፍራታ ላፕቶፑን ነካ አደረገችና ምስሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ቀጥ አለ። ጥቁር ቀሚስ የለበሰች፣ ነጭ ሽርጥ ያሰረች ቀጭን ወጣት ሾርባ የሞላ ሳህን በሁለት እጇ ይዛ በር ላይ ቆማለች። ኤፍራታ አፍንጫዋን አወቀችው። የአያቷ አፍንጫ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ የኦክስጅን ቱቦ የተሰካበት።

እማማ ስሂን ካረፈች ሠላሳ ሦስተኛ ቀኗ ነበር።

ፊልሙ «ኔሎ ፋብሪ» ይባላል። ሮምን ሲያንቀጠቅጥ የኖረ የአንድ ማፊያ የሕይወት ታሪክ ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት ተሠርቶ፣ ጥቂት ሲኒማ ቤቶች አሳይተውት፣ ከዚያ የት እንደገባ ጠፍቶ ቀረ። ዘንድሮ አንድ የጣሊያን ኩባንያ አድሶ በሁለት ዲስክ አወጣው። ጋሼ በፈቃዱ እናቱ በሕይወት እያለች ነበር ያዘዘው፤ የደረሰው ከቀብሯ በኋላ ነው። ከደረሰ በኋላም ቤት ያለው ማጫወቻ «ይህ ዲስክ በዚህ አካባቢ አይሠራም» እያለ ሦስት ጊዜ ተፋው። አውሮፓ የታተመ ዲስክ አሜሪካ ውስጥ ከተሸጠ ማጫወቻ ጋር እንደማይስማማ ያወቁት ያኔ ነው። ዛሬ የተከፈተው ሴት ልጁ ሄኒ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ይዛ በመጣችው፣ ላፕቶፕ ላይ በሚሰካ የዲስክ ማንበቢያ ነው።

«ቀጥዪ እንጂ» አለች ሄኒ።

ኤፍራታ ቀጠለች። ወጣቷ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ስታኖር ሾርባው ጠብ አለ። ኔሎ ፋብሪ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት በጥፊ መታት። እሷም ጎንበስ ብላ በቀጭን፣ የወፍ በሚመስል ድምፅ በጣሊያንኛ አንድ ነገር ተናገረችና ወጣች። ሃያ ሁለት ሰኮንድ።

«ይቅርታ ጌታዬ ነው ያለችው» አለ ጋሼ በፈቃዱ። ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። «ጣሊያንኛዋን ሰማችሁት? እዚያው የተወለደች ነው የምትመስለው።»

«ድምፁ የእሷ አይደለም» አለች ኤፍራታ።

«ወጣት ነበረቻ።»

«የእማማ ድምፅ ወፍራም ነው። ስልክ ስታነሳ ሰው ወንድ መስላው ‹ሰር› ነበር የሚላት።»

«ኤፊ፣ ሲሪየስሊ፣ ተዪው» አለች ሄኒ።

የኤፍራታ እናት መነን ተነሳች። የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ኩሽና ገባች።

«በአርባዋ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ከምሳ በኋላ ፎቶዎቿን ታሳያለሽ» አለ ጋሼ በፈቃዱ። «መጨረሻ ላይ ይሄን ክሊፕ ታስገቢበታለሽ። ለአባ ኪራኮስ ተናግሬያለሁ፤ ሰውም እየጠበቀ ነው።»

«ምን ብለህ ነው የተናገርከው?»

«እናታችን ሮም ውስጥ ዋና ተዋናይ ነበረች ብዬ ነዋ።»

«ሃያ ሁለት ሰኮንድ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«ኤፍራታ፣ የታዘዝሽውን ሥሪ።»

በዚህ አካባቢ ሰው ሲሞት ቄሱ ጸሎቱን፣ ሴቶቹ ምሳውን፣ ላፕቶፕ ያለው ልጅ ደግሞ ስላይድ ሾውን ይይዛል። ትችል እንደሆነ ኤፍራታን የጠየቃት አልነበረም። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከእማማ ስሂን ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ስትተኛ ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ በቃ፣ የእሷ ሥራ ነው።

አላለቀሰችም። ሰዉ ይህን ሳያይ አልቀረም። ቀብሩ ላይ ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ እሷ የመኪናዎቹን ታርጋ እያነበበች ነበር። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ሜሪላንድ። ጥርስ ሐኪም ጉንጭን ካደነዘዘ በኋላ ሰው ከንፈሩን በጣቱ ሲነካ የሌላ ሰው ከንፈር የነካ እንደሚመስለው፣ እሷም ላለፉት ሠላሳ ሦስት ቀናት የምትነካው ሁሉ እንደዚያ ነበር።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ ክሊፑን ለመቁረጥ መኝታ ክፍሏ ወለል ላይ ተቀመጠች። የእሷ አልጋ በቀኝ፣ አንሶላው የተገፈፈው የእማማ አልጋ በግራ። መጀመሪያ የፊልሙን መጨረሻ ከፈተችና የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር አንድ በአንድ አነበበች። የፈረሶቹ አሠልጣኝ ስም አለ። የወንበዴዎቹን ጫማ ያቀረበው ሱቅ ስም አለ። የስሂን ስም የለም።

ሁለተኛውን ዲስክ አስገባች። በእንግሊዝኛ የጽሑፍ ትርጉም የታጀበ ቃለ መጠይቅ ነበረው። ፀጉሩ የሸበተ የካሜራ ባለሙያ አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ ዳይሬክተሩ ሊቅነት ተናገረ። ዳይሬክተሩ እንዴት እንደሚያስብ፣ እንዴት እንደሚቆጣ፣ ምን ዓይነት ሲጋራ እንደሚያጨስ። ሾርባ ይዛ ስለገባችው ሴት አንድ ቃል አልወጣውም። አንድ ነገር ግን አለ። ያኔ ጣሊያን ውስጥ ፊልም ሲቀረጽ የተዋናዮቹ ድምፅ አይፈለግም ነበር፤ ቢቀዳም ለማስታወሻ ብቻ ነው፤ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ሌላ ሰው ይሞላዋል። «ካሜራው ፊት ከንፈር መንቀሳቀሱ ብቻ በቂ ነበር» አለ ሰውየው እየሳቀ። «አንዱ ቁጥር ይቆጥራል፣ ሌላው በገዛ ቋንቋው የፈለገውን ያወራል።»

ኤፍራታ ወደ ዝርዝሩ ተመለሰች። ከታች «ጥሬ ቀረጻዎች፣ ከነድምፃቸው» የሚል ነበር። ከፈተችው።

የሾርባው ትዕይንት አምስት ጊዜ ተቀርጿል። በመጀመሪያው እማማ ስሂን ገባች፣ ሳህኑን አኖረች፣ ተመታች። ጥፊው የውሸት አልነበረም፤ ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ከካሜራው ጀርባ አንድ ሰው ተናገረ፤ ትርጉሙ ከሥር ተጻፈ፦ «ጥቁሯ ትንሽ ትጠጋ። እንደገና።» በሁለተኛው ተጠጋች፣ ተመታች። «እንደገና።» በሦስተኛው ሳህኑ ዘነበለ። በአራተኛው ላይ ግራ ጉንጯ አብጦ ዓይኗን ጠበብ አድርጎታል። «ጥሩ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ። አሁን የሆነ ነገር ትበል፣ ምንም ይሁን።»

በአምስተኛው ተመታች። ጎንበስ አለች። ፈገግ አለች። ከዚያ ኤፍራታ ስምንት ዓመት ከግራ አልጋ ስትሰማው በኖረችው በዚያ ወፍራም፣ ሻካራ ድምፅ፣ ዝግ ብላ፣ በአማርኛ ተናገረች።

«እጅህን ይቁረጠው። አምስቴ መታኸኝ። በል ጠጣው፤ ምራቄ አለበት።»

«ግሩም» አለ ከካሜራው ጀርባ ያለው ሰው። «ይህ ነው።»

ኔሎ ፋብሪ ማንኪያውን አነሳና ጠጣ። ከሥር የመጣው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ «በባዕድ ቋንቋ ታጉተመትማለች» ይል ነበር።

ኤፍራታ መልሳ ከፈተችው። እንደገና ከፈተችው። አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ባዕድ የሚለው ቃል ላይ ግን ዓይኗ ተተክሎ ቀረ። ፊልሙን ለማደስ ይህን ያህል ሰው ተሰብስቦ፣ እያንዳንዷን ምስል አጥቦ፣ ከእያንዳንዷ ምስል ላይ አቧራ ለቅሞ፣ ይህች ሴት ምን አለች ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ድረስ ማንኛውንም የታክሲ ሾፌር ቢያስቆሙ ይነግራቸው ነበር።

«ድጋሚ ክፈቺው» አለ ድምፅ ከበሩ።

እናቷ ነበረች፤ የምትሠራበትን የአረጋውያን መጦሪያ የደንብ ልብስ እንኳ አላወለቀችም። ኤፍራታ ከፈተችላት። መነን ምስሉን አላየችም። ግንባሯን የበሩ መቃን ላይ አስደግፋ ድምፁን ብቻ ሰማች።

«ምራቄ አለበት» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ዘንድ ስትመጣ፣ አንቺ ሳትወለጂ፣ የማይወዱት እንግዳ ሲመጣ ሾርባ እንሥራለት ትል ነበር። ለምን እንደምትስቅ አይገባኝም ነበር።»

«አዳራሽ ውስጥ ይሄን ባሳይስ?»

መነን ግንባሯን ከበሩ አነሳች። «ለወንድሜ ሳታሳዪ አታድርጊው። በሰው ፊት እንዳታዋርጂው።»

ቅዳሜ ኤፍራታ በሜትሮ ባቡር ወደ አጎቷ ቤት፣ ወደ አሌክሳንድሪያ ሄደች። ጋሼ በፈቃዱ ለነገ የሚለብሰውን ጥቁር ሱፍ ሳሎን ውስጥ እየለካ ነበር። ኤፍራታ ላፕቶፑን የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አምስቱንም አሳየችው። ሄኒ ምራቁ ላይ ስትደርስ ሳቀች፤ የአባቷን ፊት አየችና አቆመች።

«ስንቴ ነው የመታት?» አለ ጋሼ በፈቃዱ።

«አምስቴ።»

«አንዴ ነበር ያለችኝ። እሱም የውሸት ነው፣ እጁ አልነካኝም ነበር ያለችኝ።» የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ ፈታ። «ይሄ አዳራሽ አይገባም።»

«ለምን?»

«እርግማን ነው። በአርባዋ ቀን፣ አባ ተቀምጠው።»

«ድምፅዋ ነው እኮ፣ ጋሼ። ያኛው የሌላ ሴትዮ ነው። በአርባዋ ቀን የማናውቃትን ጣሊያናዊት ልናሰማ ነው?»

«ሰው ምን ይላል? ገረድ ነበረች፣ በጥፊ ስትመታ ነበር ይበል?»

«በጣሊያንኛውም እኮ ትመታለች።»

«እሱ ፊልም ነው።»

«ይሄኛውስ?»

ጋሼ በፈቃዱ ወንበር ስቦ ከነሱፉ ተቀመጠ።

«ሮም ሳለን ለቤት ሠራተኛ ልጅ ይዞ መሥራት አይፈቀድም ነበር» አለ። «መነኮሳት ጋ አስገባችኝ። እስከ ሰባት ዓመቴ እሑድ እሑድ ብቻ ነው ያየኋት። እዚያ ያሉት ልጆች እናትህ የት ናት ሲሉኝ ተዋናይ ናት፣ ሥራ ይበዛባታል እላለሁ። አየሽ፣ ወሬውን ያወጣችው እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ። ከዚያ ጀምሮ እያልኩት ነው። አሁን ደርሰሽ አታሳጪኝ።»

ኤፍራታ ልታዝንለት እንደሚገባ ገባት። ሐዘኑን ግን ፈልጋ አጣችው፤ የደነዘዘ እግር ቢቆነጥጡት እንደሚመልሰው ያህል ብቻ ነው የመለሰላት።

«የጣሊያንኛውን አስገቢ» አለና ተነስቶ ወደ ጓዳ ሄደ።

ሄኒ እስከ ደጅ ሸኘቻት። «ሂዝ ቲንግ ነው፣ የእሱ ነገር ነው፣ ኤፊ። ሌላ ምንም የለውም። ተዪለት።»

«እማማስ ምን አላት?»

ሄኒ ትከሻዋን ሰበቀች። «ሞታለች እኮ።»

በባቡሩ ውስጥ ሁለት ፋይል አዘጋጀች። አንዱን «ጣሊያንኛ» አለችው፣ ሌላውን «አምስት»።

እሑድ ጸሎቱ ተደርጎ፣ ምሳው ተበልቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለው አዳራሽ ወንበሮቹ ወደ ነጩ ግድግዳ ዞሩ። አባ ኪራኮስ ፊት ተቀምጠዋል። ከሎረልና ከስፕሪንግፊልድ የመጡ የእማማ ጓደኞች ነጠላቸውን አስተካክለው አጠገባቸው ተደርድረዋል። ጋሼ በፈቃዱ አራት የታጠፈ ወረቀት ይዞ ማይኩ አጠገብ ቆሟል። ኤፍራታ ላፕቶፑን አቅፋ ሄደችና ከጎኑ ቆመች።

«ጋሼ፣ አምስተኛውን ነው የምከፍተው።»

ዞሮ አያት። «ነግሬሽ ነበር።»

«ነግረኸኛል። ማይኩን ከመያዝህ በፊት እንድታውቀው ብዬ ነው። ካልፈለግህ ላፕቶፑ ይኸው፣ ራስህ ክፈተው። ሁለቱም አለ። እኔ ግን የዚያችን ሴትዮ ድምፅ እማማ ናት ብዬ አልከፍትም።»

ላፕቶፑን ዘረጋችለት። ጋሼ በፈቃዱ አልተቀበላትም። ወረቀቱን ዘረጋው፣ መልሶ አጠፈው።

«አባ ምን ይሉኛል?» አለ፤ እሷን ይጠይቅ ራሱን አይታወቅም።

«አላውቅም።»

ማይኩን አነሳ። ኤፍራታ «ዋና ተዋናይ» የሚለውን ቃል ጠበቀች።

«እናቴ ሮም ነበረች» አለ። «ፊልም ላይ አለች።» ወረቀቱ ላይ ብዙ ተጽፎ ነበር፤ አላነበበውም። «ልጅቷ ታሳያችሁ።» ማይኩን ለእሷ ሰጣትና ከፊት ረድፍ፣ ከመነን አጠገብ ተቀመጠ።

ፎቶዎቹ አለፉ። ፓስፖርት፣ ሠርግ፣ ልደት፣ ምረቃ። የመጨረሻው ፎቶ ግድግዳው ላይ ቀረ። ኤፍራታ ሳህን የሚሰበስቡት ሴቶች እስኪቀመጡ ጠበቀች። የላፕቶፑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገች፣ ማይኩን አስጠጋችለት፣ «አምስት» የሚለውን ከፈተች።