ከፓሌርሞ የተሰማው «ቤቶች!»

ይሄ የሆነ ነገር ነው። የነገረኝ ራሱ ዮናስ ነው፤ ዮናስ ደግሞ ቀልድ እንኳን ሲያወራ የሚያፍር ሰው ነው። ዛሬ እሱም ሚስቱም ነገሩ በሆነበት ቤት አይኖሩም።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ፀሐዩ ጠራራ ነው። ቦታው ጉለሌ፣ ቀጨኔ፣ ከመድኃኔዓለም ቁልቁል ስትወርዱ ያለው ቤታቸው።

ሚስቱ ሰርካለም ነርስ ናት። ለሥልጠና ሮም ከሄደች ወር ሊሞላት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ባሕር አይታ አታውቅም። ስለዚህ ቅዳሜና እሁድን ከሥራ ባልደረባዋ ከቡርቱካን ጋር ሲሲሊ ደሴት፣ ፓሌርሞ ከተማ ልታሳልፍ ሄደች።

ዮናስን ነገሩ አላማረውም። ለምን ብትሉት ግን አያውቀውም።

ሳሎን ውስጥ ተንጎራደደ። ቴሌቪዥን ከፈተ። ዘጋ። የላከችለትን ፎቶ ደጋግሞ አየ፤ የዓሣ ገበያው፣ ልብስ የተሰጣባቸው በረንዳዎች...

አላስችል ሲለው በቪዲዮ ደወለላት።

«ቡርቱካንስ?»

«ገበያ ወጣች። እኔ እግሬን አሞኝ ቀረሁ። ና ቤቱን ላሳይህ።»

የተከራዩት አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ጣሪያው ሩቅ፣ በሩ ወፍራም እንጨት። ስልኩን ወደ በሩ ስታዞር...

ኳ... ኳ... ኳ...

«ሰው መጣብሽ» አላት።

«የት?»

«በሩ እየተንኳኳ ነው እኮ!»

«ኧረ ምንም የለም።»

በቀዳዳው አጮልቃ አየች። ደረጃው ባዶ ነው።

እንደገና ተንኳኳ። ከዚያ የሴት ድምፅ... ረጋ ያለ... ልክ ጎረቤት እንደሚጣራው...

«ቤቶች!»

በአማርኛ።

ዮናስ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ሰርኬ... እንዳትከፍቺ» አለ በሹክሹክታ።

«አታስፈራራኝ ዮኒ!»

«ቤቶች!» የሚለው ድምፅ ሳይቋረጥ በሩ ተከፈተ። ቡርቱካን ናት፤ በራሷ ቁልፍ ከፍታ፣ ፌስታል አንጠልጥላ።

«ደረጃው ላይ ማን አለ?» አላት ዮናስ።

«ማንም የለም። ምነው?»

በሩን በክርኗ ደግፋ፣ ፌስታሎቿን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ አስገባች። በሩ ለረጅም ጊዜ ክፍት ነበር...

ድምፁ ግን ጠፋ።

የሰማውን ሲነግራቸው ሁለቱ ሴቶች ሳቁበት። «ብቸኝነት ነው፤ ስመጣ ይለቅሃል» አለችው ሰርካለም። እሱም ኔትወርኩ ነው ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ። አልሆነለትም።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። አንድ ቦታ መቆም አቃተው። ቤት ገብቶ የግቢውን በር ቀረቀረ፤ በቀን ቀርቅሮ አያውቅም ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ስልኩ ጠራ።

ሰርካለም ናት። ባሕሩ ዳር ቆማለች። ነፋሱ ነጠላዋን ያርገበግበዋል፤ ፊቷ በደስታ በርቷል።

«ዮኒ፣ እየው! እየው እስቲ!»

ሳቁ አመለጠው። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ድንገት ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች።

«ሰው መጣብህ።»

«ምን?»

«የግቢው በር... ቆርቆሮው እየተንኳኳ ነው። አይሰማህም?»

በመስኮት አየ። በሩ እንደተቀረቀረ ነው። አንድ ሚኒባስ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል። ሌላ ድምፅ የለም።

«ምንም የለም ሰርኬ።»

ፊቷ ተለዋወጠ።

«ዮኒ... ‹ቤቶች› እያለች ነው።»

ከመስኮቱ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ተከፈተ... በሩ ተከፈተ... ጫማዋ ይሰማኛል... ዮኒ ውጣ!»

በየት ይውጣ? መውጫው ያው በር ነው። ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ግቢው ውስጥ ዝር የሚል ነገር የለም...

ሰርካለም ማልቀስ ጀመረች።

«ለምን እንደዛ አልካት?»

«ማንን?» አላት በሹክሹክታ።

«እሷን! አሁን ‹ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ› አልካት እኮ! ድምፅህን አጣዋለሁ?»

ዮናስ አፉን አልከፈተም ነበር።

ቀና አለ።

ከፊት ለፊቱ... ማንም የሌለበት ሶፋ... መሃሉ ቀስ እያለ ጎደጎደ።