ከዳንቴሉ ሥር የበራው ቀይ መብራት

«የሞተው የትኛው ነው?» አለ አቶ ቢያድግልኝ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

አስናቀው ገና እየፈለገ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ከቢቸና በመጀመሪያው ሚኒባስ የመጣ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሳጥኗ ላይ አጎንብሷል። ሳጥኗ ከጫማ ካርቶን አትበልጥም፤ ሆዷ ውስጥ ግን ሁለት ሃርድ ዲስኮች ይዛለች። አቶ ቢያድግልኝ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ሞጣ ውስጥ የቀረጸው ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ተቀምጧል። አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ ነው ነገሩ። አሁን አንዱ ሞቷል፤ ሌላውም የእሱ እኩያ ስለሆነ የሚያስተማምን አይደለም። አዲሱ ዲስክ ገብቶ ከደህናው ላይ ሁሉንም እስኪገለብጥ ድረስ የስንቱ ቤት ደስታ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል።

የትናየት በስልኳ መብራት ታበራላቸዋለች። የአቶ ቢያድግልኝ ልጅ ናት፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ መብራቱ ግድግዳው ላይ ይጨፍራል።

«እጅሽን አጽኚ» አላት አባቷ።

እጇ ለምን እንደማይጸና ቢያውቅ ኖሮ ስለ እጇ ባልተጨነቀ። ባለፈው ሳምንት ዓርብ እሱ መርጡለ ማርያም ሠርግ ሊቀርጽ ሄዶ፣ እሷ ለመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሒሳብ እያጠናች ሳለ ሳጥኗ መጮኽ ጀመረች። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። የትናየት አንዱን ጥያቄ አራት ጊዜ ከጀመረች በኋላ ተነሥታ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጫነቻት። ሳጥኗ ዝም አለች። አባባ ሲመጣ እነግረዋለሁ ብላ አሰበች። አባባ ግን እሑድ ማታ ድምፁ እስኪዘጋ ደክሞት መጣ፤ ሰኞ ፈተና ነበር፤ ማክሰኞ ስታስታውሰው ደግሞ «እስካሁን የት ነበርሽ?» እንዳይላት ፈራች። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል የሚባለው ይኸው ነው።

ቀዩ መብራትማ ለማንም አልታየም። እናቷ ወይዘሮ ወይንእሸት አቧራ እንዳይነካት ብላ ሳጥኗን ከላይ እስከ ታች ዳንቴል አልብሳት ነበር፤ ቴሌቪዥኑንም፣ ራዲዮኑንም፣ ከተበላሸ የቆየውን ካሴት ማጫወቻም እንደዚያው። ሐሙስ ዕለት ለእሑዱ የማርያም ማኅበር ቤቱን ስታሰናዳ ዳንቴሉን ለማጠብ ገፈፈችው። ከሥሩ ቀይ መብራት ቦግ እልም ይላል።

አቶ ቢያድግልኝ የዚያን ዕለት ያላለው የለም። ያገለገለውን ዕቃ አዲስ ነው ብለህ ሸጥክልኝ ሲል ሳጥኗን ከሁለት ዓመት በፊት በሸጠለት በአስናቀው ላይ በስልክ ወረደበት፤ ስልኩን ዘግቶ ደግሞ ለሰፈሩ ነገረ። ደህና ዕቃ ቢሆን በሁለት ዓመቱ አይሞትም፣ ቢሞትም ጮሆ ይናገር ነበር አለ። የትናየት ይህን ስትሰማ ደብተሯን ይዛ ጓዳ ገባች።

«የሞተው ይኼ ነው» አለ አስናቀው በመጨረሻ። የዲስኩን ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ጋር ሁለት ጊዜ አመሳክሮ፣ እያባበለ ስቦ አወጣውና በቦታው አዲሱን አስገባ። ኮምፒውተሩ ላይ ቀጭን መስመር ታየ፤ አንድ በመቶ ይላል።

አቶ ቢያድግልኝ ማፍጠኛ የለውም ወይ ብሎ ጠየቀ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ አስናቀው። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጠበቅ ነው። መብራት ብቻ አይጥፋብን።»

ምሳ ቀረበ። አቶ ቢያድግልኝ እንግዳውን አንድ ጊዜ እንኳ «ብላ እንጂ» አላለውም፤ ሞጣ ላይ ይህ ከስድብ ይብሳል። ወይዘሮ ወይንእሸት አፍራ የባሏንም ድርሻ ጨምራ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያለች አጎረሰችው። አስናቀው በልቶ አመስግኖ ኮምፒውተሩ ፊት ተመልሶ ተቀመጠ።

ስልሳ ሦስት በመቶ ላይ መብራት ጠፋ። ሳጥኗ የተያያዘችበት መጠባበቂያ ባትሪ የሚያቆያት ሃያ ደቂቃ ነው። የትናየት ምን እንደምትሰጥ ሳትወስን ለማርያም ስለት ተሳለች። በአሥራ አራተኛው ደቂቃ መብራት መጣ፤ ሁሉም አንድ ላይ ተነፈሱ።

አስናቀው ጊዜ ለመግፋት ሳጥኗ በራሷ የምትመዘግበውን የውሎ ዝርዝር ከፈተ። የትናየት ከኋላው ቆማ አነበበችው። ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ፣ ማስጠንቀቂያ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ስድስት፣ ድምፁ በእጅ ተዘጋ። አስናቀው እዚያ መስመር ላይ ጣቱን አቆመ።

«ያለፈው ሳምንት ዓርብ የት ነበርክ?» አለው አቶ ቢያድግልኝን።

«መርጡለ ማርያም። ምን አገናኘው?»

«ምንም» አለና ዝርዝሩን ዘጋው። ወደ የትናየት አልዞረም። አንጀቷን የበላውም ያ አለመዞሩ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል መቶ ሞላ። ቀዩ መብራት አረንጓዴ ሆነ። አቶ ቢያድግልኝ ለማረጋገጥ አንድ የቆየ ሠርግ ከፈተ። ባለፈው ክረምት ያረፉት ጎረቤታቸው እትዬ ፈንታነሽ ነጠላቸውን አገልድመው እስክስታ ይወርዳሉ። ልጆቻቸው ለሙት ዓመታቸው ቅጂውን ጠይቀው ነበር፤ ሌላ ምስል የላቸውም። ወይዘሮ ወይንእሸት እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። አቶ ቢያድግልኝም ሳቀ። የትናየት ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ ተቀመጠች፤ ከስምንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ራባት። ተመስገን፣ ምንም አልጠፋም። ምንም ካልጠፋ ደግሞ የሚነገር ነገር የለም።

አስናቀው መፍቻዎቹን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ተሰናበተ። አባቷ ዓይኑን ከሠርጉ ሳይነቅል «በል መልካም መንገድ» አለው። ከቢቸና ድረስ የመጣን ሰው እስከ መናኸሪያ መሸኘት ቀርቶ ከወንበሩ እንኳ አልተነሣለትም።

«በጥገናውስ አይታማም» አለ አባቷ፣ እንግዳው ከወጣ በኋላ። «ሲሸጥ ነው እንጂ የሚያታልለው።»

የትናየት ተነሣች።

«አባባ፣ ሳጥኗ ጮኻ ነበር።»

ዞሮ አያት።

«ዓርብ ዕለት። እያጠናሁ ነበርና ድምፁን ዘጋሁት። ልነግርህ ነበር፤ ከዚያ ፈራሁ። ጋሼ አስናቀው ኮምፒውተሩ ላይ አይተውታል፤ ግን አልተናገሩም።»

የትናየት ቁጣውን ቆማ ጠበቀችው። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ጫማውን ይፈልግ ጀመር።

«ሚኒባሱ ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?» አላት። «ነይ፣ ቶሎ በይ።»

መናኸሪያ ሲደርሱ ረዳቱ የጎደለውን አንድ ሰው ለመሙላት ቢቸና፣ ቢቸና እያለ ይጣራል። አስናቀው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። አቶ ቢያድግልኝ ከታች ሆኖ እጁን በመስኮቱ ዘረጋለት።

«በድዬሃለሁ፣ አስናቀው» አለው። «እያወቅህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ወሬው የእኔ አልነበረማ» አለ አስናቀው፤ እጁን ጨብጦ። ይኼኔ ወደ የትናየት ዞሮ ራሱን ነቀነቀላት።

ሲመለሱ አባቷ ብዙ አላወራም፤ የሒሳቡ ፈተና እንዴት እንደነበረ ብቻ ጠየቃት። መልካም እንዳልነበረ ነገረችው። ልብስ ሰፊው ውበቴ ሱቅ አጠገብ ሲደርሱ እርምጃው ቀነሰ። አባቷ ሐሙስ ዕለት አስናቀውን ሲያማ ከሁሉም ቀድሞ የሰማው ውበቴ ነው። አቶ ቢያድግልኝ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ልንገራቸው» አለች የትናየት፤ የሱቁን ደረጃ ቀድማው ወጣች።