ሰሊና ቴክሳስ አይደለችም

«ሰሊና ቴክሳስ ናት አልኩሽ እኮ!» አሉ እትዬ ትብለጥ፣ በሩን ሰንሰለቱ የፈቀደውን ያህል ብቻ ከፍተው።

ማኅደር ከኮሪደሩ አልተነቃነቀችም። ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቸርቻቸው የኳየር ልምምዱን አቋርጣ ነው የመጣችው። ሰሊና ከልጅነታቸው ጀምሮ አጠገቧ ቆማ የምትዘምር ጓደኛዋ ናት። መብላትም፣ ከአልጋ መነሳትም አቅቷት ሆስፒታል ገብታ ነበር። ዲፕሬሽን ነው ተባለ። ከወጣች ሰንብታለች። እናቷ እትዬ ትብለጥ ግን ለጠየቃቸው ሁሉ «አክስቷ ጋ ቴክሳስ ሄዳለች» ይላሉ።

ጠዋት ከሰሊና ቴክስት መጣ። «ቤት ነኝ። ማንም አይመጣም።»

ማኅደር ከሚኖሩበት ከአሌክሳንድሪያ ወደ ቸርች ሲመጡ መኪና ውስጥ ለእናቷ ለአሰለፈች ነገረቻት። «የሰው ገመና ነው፤ እኛ ምን አገባን?» አለች እናቷ። «ደግሞ ፈተና አለብሽ። እንዳትሄጂ!»

ማኅደር ግን ሄደች።

«እትዬ፣ ለማንም አልተናገርኩም፤ አልናገርምም» አለች ማኅደር። «ግን ሳላያት አልሄድም።»

«አንቺ ልጅ፣ ለእናትሽ ነው የምደውለው!»

«ይደውሉ።»

በሩ ተዘጋ። ማኅደር ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለች። ለትልቅ ሰው እንዲህ መልሳ አታውቅም። የታጠበ ልብስ የተሸከመ ጎረቤት እግሯን ተሻግሮ አለፈ።

ቆየት ብሎ ከውስጥ የሰሊና ድምፅ ተሰማ። «ማሚ፣ ፕሊስ። ክፈቺላት።»

ሰንሰለቱ ተፈታ። እትዬ ትብለጥ የማኅደርን ዓይን ሳያዩ «ሰው ምን ይላል ብዬ እኮ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። ማኅደር ጫማዋን አውልቃ ገባች።

ሰሊና ሶፋው ላይ ተኮራምታለች። ፀጉሯ ሳይበጠር ከርሞ ተቋጥሯል።

«እሸታለሁ፤ አትጠጊኝ» አለች።

«ሻት አፕ» አለቻት ማኅደር። ከኋላዋ ተቀምጣ ማበጠሪያ አነሳችና ከጫፉ ጀምራ ትፈታታው ጀመር።

«ኧረ ቀስ! ልትገዪኝ ነው እንዴ?» ብላ ጮኸች ሰሊና። ከዚያ ሳቀች። ኪችን ውስጥ ዕቃ ያጥቡ የነበሩት እትዬ ትብለጥ ሳቋን ሲሰሙ ውኃውን ዘጉት።

የማኅደር ስልክ ጠራ።

«የት ነሽ አንቺ? ቸርች በር ላይ ቆሜልሻለሁ!» እናቷ ናት።

«ሰሊና ጋ ነኝ።»

«እንዳትሄጂ አላልኩሽም?»

«ብለሽኛል።»

«ስልክሽን ነው የምቀማሽ! ሰምተሻል?»

«ውሰጂው፣ ማሚ። ቅዳሜም እመጣለሁ። ካላመጣሽኝ በሜትሮ ባቡር።»

ከስልኩ ውስጥ የሚያልፉ መኪኖች ድምፅ ይሰማል።

«አሁኑኑ ውጪ!» አለች እናቷ።

ማኅደር የሰሊናን ፀጉር አየችው። ገና ግማሹ አልተፈታም።

«ስጨርስ» አለችና ስልኩን ሶፋው ላይ ደፍታ ወደ ቀጣዩ ቋጠሮ አለፈች።