ሻምበል ቦልቴ የማይረግጠው ሣር

ጡረተኛው ሻምበል ቦልቴ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከራሱ የእንሰት ጓሮ ጀርባ ባለው ገደል ሥር፣ ቦረቦር ውስጥ ሞቶ የተገኘው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ቀትር ሳይደርስ ሶዶ ፍርዷን ሰጥታ ጨርሳ ነበር፤ ራሱን ጣለ። ሰላም ሊያስከብር ከዘመተበት አገር ከተመለሰ ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል፣ ከሰው አይጫወትም፣ ታዲያ ምን ይጠበቃል ተባለ። ከተማ አንዳንዴ እንዲህ ናት፤ ለቀስተኛው ነጠላውን ሳያዘቀዝቅ እሷ የሟቹን ምክንያት ታውቃለች።

ሚስቱ አስካለች ግን ዞን ፖሊስ ድረስ ሄዳ ኢንስፔክተር የማርያምወርቅ ፊት ቆመች።

«ልጆቼ ራሱን የገደለ ሰው ልጆች እየተባሉ አያድጉም፤» አለች። «ባሌ ራሱን አልጣለም። ሣር አይረግጥም እሱ።»

«እንዴት አይረግጥም?»

«የዘመተበት አገር መሬቱ ፈንጂ ነበር። እዚህ መጥቶም አልለቀቀውም። የልጆቹ ኳስ ሣር ውስጥ ከገባ ጮኾ ያስቆማቸዋል። ሰው ከለመደው መንገድ ወጥቶ አያውቅም። ገደሉ ጋ ለመድረስ ደግሞ ያን ሁሉ ሣር ማቋረጥ አለበት።»

የማርያምወርቅ ብዙ የምትናገር ሴት አይደለችም። እስክሪብቶዋን ከደነችና ተነሣች።

ሳጅን ኤርካሎ ከብት እንዳይገባ ቦታውን በገመድ አጥሮት ነበር። «ዝናቡ ሌሊቱን ሲጥል አድሯል፤» አለ። «ከእግር መንገዱ እስከ አፋፉ አንድ ዱካ ብቻ ነው ያለው፣ ኢንስፔክተር። ሬሳውን ያነሡት ሰዎች በታች፣ በቦረቦሩ በኩል ነው የገቡት። ብቻውን ነው የሄደው።»

እሷ ግን ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለች። «የዚህ ተረከዝ በየት በኩል ነው?»

«በመንገዱ በኩል።»

«ይሄኛውስ?»

ኤርካሎ ጎንበስ ብሎ አየ። «በገደሉ በኩል ነው። ግን እኮ እዚያው ዱካ ውስጥ ነው ያለው!»

«እዚያው ውስጥ ነው። ቦልቴ ደግሞ አልተመለሰም። ፎቶ አንሣልኝ፣ ሁሉንም።»

በመጀመሪያ የተጠየቀው የሟቹ ታናሽ ወንድም ቶማ ነበር። በመሬት ድንበር ተጣልተው እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ገበያ መሃል "ገደል ይክተተው" ብለሃል አሉ።»

«ብያለሁ።» ቶማ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ተናድጄ ነዋ! ድንበሩን አብረን እንለካ ስለው ሣሩ ውስጥ አልገባም አለኝ። መንገዱ ላይ ቆሞ በጣቱ ነው ያሳየኝ። የናቀኝ መስሎኝ ነበር። ፈርቶ እንደሆነ አሁን ነው ያወቅኩት።»

ከእሱ ቀጥሎ አቶ ደገፉ መጣ። የኮሌጅ መምህር ነው፤ ስለ ዓለም አቀፍ ሰላም ማስከበር ችግሮችና ማሻሻያ ውይይት ያዘጋጀውም እሱ ነው።

«ሻምበል ሐሙስ ዕለት ሊናገር ነበር፤» አለ። «ስለ በሩ።»

«የምን በር?»

«የካምፑ በር። ታጣቂዎች መንደሩን ሲያቃጥሉ ሕዝቡ ወደ ካምፑ ሸሸ። የተልእኮው ወረቀት ሲቪሎችን ጠብቁ ይላል። ነገር ግን ካምፑ ዋናውን መምሪያ ይጠይቃል፣ መምሪያው ደግሞ ወታደሮቹን የላከው መንግሥት እስኪፈቅድ ይጠብቃል። ሲጠባበቁ ነጋ። በሩ አልተከፈተም። ውጭ ቀርተው ያለቁት አብዛኞቹ እናቶችና ሕፃናት ነበሩ።» ደገፉ መነጽሩን አወለቀ። «እኛ የምንለው፣ ቦታው ላይ ያለው አዛዥ ራሱ ይወስን ነው። ይህን ያየ ሰው ቢናገረው ደግሞ ይሰማል ብዬ ነበር።»

«ሊናገር መሆኑን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ለሚልክያስ ነግሬዋለሁ። አብረው ስለዘመቱ እሱንም ጋብዤው ነበር። ስም ይጠራል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የሚጠራ ይመስለኛል አልኩት።»

ሚልክያስን ሶዶ ውስጥ የማያውቀው የለም። ጡረታ የወጣ ሃምሳ አለቃ፣ በዘመቻው ጊዜ ፈንጂ ጠራጊ፣ አሁን የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ወዳጁን በማጣቱ ፊቱ ገርጥቷል፤ የውሸት ሐዘን አይመስልም፣ አልነበረምም።

«ያን ጠዋት ቦዲቲ ከተማ ነበርኩ፣ ብረት ላስጭን፤» አለ።

«እዚያ አገር እያላችሁ የካምፑ በር ጋ ማን ነበር?»

«እኔ ነበርኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከፍቼ አስገባኋቸው። ስንት ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፊት ቆሜ መስክሬያለሁ።»

«ሻምበልም ሲሰማ ነበር?»

«ፊት ለፊት ተቀምጦ።»

የማርያምወርቅ ቃሉን መዝግባ አሰናበተችው።

ሻምበሉ ሊናገር በነበረበት ዕለት፣ ዝናብ እንዳባራ፣ አስካለችን፣ ቶማን፣ ደገፉንና ሚልክያስን ወደዚያው ቦታ ጠራቻቸው። አንድም ቃል ሳትናገር ከእግር መንገዱ ወርዳ ከታጠረው ቦታ ጎን እርጥቡን ሣር አቋረጠች። ተከተሏት። አፋፉ አጠገብ ስትደርስ ዞረች።

«ወደ ኋላችሁ ተመልከቱ። ኤርካሎ፣ ከመንገዱ ላይ ሆነህ ምን ይታይሃል?»

«አምስት ሰው ሄዳችኋል፤ ዱካው ግን አራት ነው።»

ሚልክያስ እግሩን አየ። ጫማው የኢንስፔክተሯ ዱካ ውስጥ ልክክ ብሎ ተቀምጧል።

«ከዚህ ልጀምር፤» አለች የማርያምወርቅ። «ማክሰኞ ያየነው ዱካ ውስጥ ወደ ገደሉ የሄደም ከገደሉ የተመለሰም እግር አለ። የተመለሰው ሻምበል አይደለም። ሻምበልም በበኩሉ መሄዱን ሄዷል፤ የእሱ እግር ታዲያ የት አረፈ? ከፊቱ የሚሄደው ሰው በረገጠበት ላይ ነው ያረፈው። ፈንጂ ባለበት አገር እንደዚያ ነው የሚኬደው። ቶማ ድንበር እንለካ ቢለው አልገባለትም። ለአቶ ደገፉም አይገባም። ተከትሎ ሣር ውስጥ የሚገባው፣ እዚያ አገር ፈንጂ እየጠረገ ይመራው ለነበረ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ሲመለስም የራሱን ዱካ ረግጦ ተመለሰ። ለመደበቅ ብሎ አይመስለኝም፤ እግሩ ስለለመደ ነው። አቶ ሚልክያስ፣ ብረቱን የጫነልህን ሾፌር ጠይቄዋለሁ። ቦዲቲ የደረስከው ከረፋዱ በኋላ ነው።»

ቶማ ዘሎ አንገቱን ያዘው፤ ኤርካሎ ሮጦ ደርሶ አላቀቃቸው።

«ልለምነው ብዬ ነበር፤» አለ ሚልክያስ። ድምፁ አይሰማም ማለት ይቻላል። «ጠዋት መንገዱ ላይ ጠብቄ፣ ሰው እንዳይሰማን ወደዚህ ና አልኩት። ምንም ሳይጠይቅ ተከተለኝ። አፋፉ ጋ ስንቆም "ሚልኪ፣ ስለ በሩ ልንገርህ" አለ። በሩን አለመክፈቴን ልጆቼ ሊሰሙ ነው፣ ጉባኤው ሊሰማ ነው ብዬ አሰብኩ። መስማት አልቻልኩም። ገፋሁት።»

አስካለች እስካሁን አላለቀሰችም። «አላስጨረስከውም?»

«አላስጨረስኩትም።»

«እኔ ግን እስከ መጨረሻው ሰምቼዋለሁ። እኔ ፊት እየቆመ ነው የሚለማመደው፤ አማርኛው ሲጠፋበት በወላይትኛ ይለዋል። "በሩ ላይ የነበረው ሚልክያስ ቁልፉን ይዞ ልክፈት እያለ ለመነኝ። ትእዛዝ እንጠብቅ ብዬ የከለከልኩት እኔ ነኝ። የሞቱት በእኔና ከእኔ በላይ ባሉት ጥፋት ነው፤ እሱ ጥፋት የለበትም።" ስምህን ሊጠራ የፈለገው ይህን ለማለት ነው።»

ሚልክያስ ወደ እሷ ዞረ። «ከፈትኩ እያልኩ መመስከሬንስ?»

«እኔም ተናድጄ ጠይቄዋለሁ። ተዪው አለኝ። ቢፈቀድለት ይከፍት ነበር አለኝ።»

ሰውዬው ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ኤርካሎ በብብቱ ይዞ እስኪያነሣው ድረስ አልተነሣም። ደገፉ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ያለቅስ ነበር።

አስካለች ብቻዋን ወደ ቤት አመራች። አባታችሁ ራሱን አልጣለም ብላ ለልጆቿ ልትነግራቸው ነው፤ የፈለገችው ይህንኑ ነበር፣ አገኘችውም። ልጆቹ ግን ማን ጣለው ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ሚልክያስን የሚጠሩት አጎቴ እያሉ ነው።